ትልቁን አምባዛ ለውሃው ተውለት

ልጄ፣ ከጓደኞችህ ጋር ተደራጅታችሁ ሐይቅ ላይ መረብ ለመጣል፣ ጊራና ላይ ደግሞ ኩሬ ቆፍራችሁ ዓሣ ለማርባት መቁረጣችሁን ነገሩኝ። ደስ ብሎኛል። ወረዳችን ሐብሩ ማንጎና ሽንኩርት ብቻ የሚሸጥበት አገር ሆኖ መቅረት የለበትም። ግን አውቅሃለሁ፤ ሥራ አትፈራም፣ ነገርን እስከ ጫፉ መስማት ግን ይሰለችሃል። እስቲ አሁን ተቀመጥና ይህን ሳትዘል አንብበው። ከሐይቅ እስከ ተከዜ ግድብ ከአስጋሪዎች ጋር ብዙ ዓመት ኖሬያለሁ፤ ውሃ ሲበረክትም ሲነጥፍም አይቻለሁ። የነጠፈው ሁሉ በስንፍና አልነጠፈም፤ በጥድፊያ ነው።

1. መረብ ከመግዛትህ በፊት ውሃውን እወቅ። ከመርሳ ተነስተህ ውርጌሳንና ውጫሌን አልፈህ የምታገኘው ሐይቅ ላዩ ጸጥ ያለ ይሁን እንጂ ቀላል ውሃ አይደለም። ስፋቱ 23 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ጥልቀቱ ከ80 ሜትር ያልፋል። መውጫ ወንዝ ስለሌለው የገባበት አፈርና ማዳበሪያ እዚያው ይቀራል። አባ ኢየሱስ ሞአ በ13ኛው መቶ ዘመን በሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ተቀምጠው ሲያስተምሩ ይህ ውሃ ነበረ፤ ዛሬ ገበያ የሚወጣው ቀረሶ ግን አልነበረበትም። ቀረሶን በ1970 ዓ.ም. አካባቢ ሰው አምጥቶ ነው የለቀቀው። አሁን በውስጡ ቀረሶ፣ አምባዛ፣ ካርፕና ጋራ የምትባለው ትንሽ ዓሣ ይኖራሉ። ቀረሶ በዋናነት ውሃውን አረንጓዴ የሚያደርገውን ዋቅላሚ ይበላል። ካርፕ ጭቃ እየቆፈረ ትል ይለቅማል። አምባዛ ያገኘውን ሁሉ ይበላል፤ ካደገ በኋላ ግን የሌላውን ዓሣ ጫጩት ማሳደድ ይወዳል። ማን ማንን እንደሚበላ ሳታውቅ መረብ ብትጥል፣ የምታወጣውን እንጂ የምታፈርሰውን አታይም።

2. ዓሣው ለምን እንዳነሰ ሳትለይ መድኃኒት አትፈልግለት። ይህን ነጥብ ሁለት ጊዜ አንብበው፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነውና። መረብህ ትናንሽ ቀረሶ ብቻ ይዞ ሲወጣ ሁለት ተቃራኒ በሽታ ሊሆን ይችላል። አንደኛው ውሃው ተራቁቶ ነው፤ ትልልቁ ሁሉ ተለቅሞ አልቆ፣ የቀረው ገና ያላደገው ነው። ሁለተኛው ውሃው ተጨናንቆ ነው፤ ጫጩቱን የሚቀንስ አዳኝ ጠፍቶ ቀረሶ ያለ ልክ ተዋልዶ፣ ምግቡ ለሁሉም ሳይበቃ ቀርቶ በቁመቱ ቀጭጯል። የመጀመሪያው በሽታ መድኃኒት መረብን ማሳረፍ ነው። የሁለተኛው መድኃኒት ትንንሹን በብዛት ማውጣት ነው። መድኃኒቱን ብታቀያይረው በሽተኛውን ትገድላለህ።

እንዴት ትለየዋለህ? መጀመሪያ ቁጥሩን እይ። በተራቆተ ውሃ ዓሣው ትንሽም ጥቂትም ነው፤ መረቡ ሌሊቱን አድሮ ባዶ ሊወጣ ይችላል። በተጨናነቀ ውሃ ግን መረቡ በትንንሹ ይሞላል። ቀጥለህ አካሉን እይ። የተራቆተ ውሃ ዓሣ ትንሽ ቢሆንም ጀርባው ሥጋ አለው፤ ምግብ ተርፎታልና። የተጨናነቀ ውሃ ዓሣ ጭንቅላቱ ትልቅ፣ ጀርባው ስል፣ ሆዱ የተጣበቀ ነው። ከዚያ ሆዱን ቅደድና እንቁላል ፈልግ። በእጅህ መዳፍ ልክ የሆነች ቀረሶ እንቁላል ካረገዘች፣ ማደግ ትታ መውለድ ጀምራለች ማለት ነው። ነገር ግን በዚህ ብቻ አትፍረድ፤ ትልልቁ ለዘመናት በተለቀመበት ውሃም ትንንሹ ቶሎ መውለድ ይጀምራል። ለዚህ ነው ሦስቱንም ምልክት አንድ ላይ የምታየው። ቁርጥ ያለ ነገር ከፈለግህ ጥቂት ዓሣ ለባለሙያ ላክ፤ ጆሮው ውስጥ ካለችው ትንሽ አጥንት ዕድሜውን መገመት ይችላሉ። ትንሽ መስሎህ የያዝኸው ዓሣ ሽማግሌ ሆኖ ሊገኝ ይችላል።

3. ትልቁን አምባዛ ተወው። ስታወጣው ደስ እንደሚልህ አውቃለሁ። ክንድህን የሚያክል ዓሣ ትከሻህ ላይ አንጠልጥለህ ሐይቅ ከተማ ስትገባ ሕፃናት ይከተሉሃል። ግን ያ አምባዛ በውሃው ውስጥ እንደ ዳኛ ነበር፤ የቀረሶን ጫጩት እየቀነሰ የተረፈው እንዲያድግ ያደርግ ነበር። ሴት ከሆነች ደግሞ የአንዲት ትልቅ አምባዛ እንቁላል ከብዙ ትንንሾች እንቁላል ይበልጣል። ስለዚህ ትልቋን ስታወጣ ያወጣኸው አንድ ዓሣ አይደለም። ይህ የእኛ ችግር ብቻ እንዳይመስልህ። በሰሜን አሜሪካ ግድቦች ውስጥ ዋልአይ የሚሉት አዳኝና ፐርች የሚሉት ታዳኝ ዓሣ አብረው ይኖራሉ። አስጋሪው ዋልአዩን አለመጠን ሲያወጣ ፐርቹ ይዋለድና ይቀጭጫል፤ እነርሱም ሚዛኑን ለመመለስ የሚጀምሩት አዳኙን በመጠበቅ ነው። ስሙና አገሩ ሌላ ነው፣ ሥርዓቱ ግን ያው ነው። ለማኅበራችሁ አንድ ቁመት ወስኑ፤ ከዚያ የበለጠ አምባዛ በሕይወት ከወጣ ይመለስ። አምባዛ ከጉንጩ በላይ አየር የሚስብበት አካል ስላለው ከውሃ ወጥቶም ጥቂት ይቆያል፤ እጅህን አርጥበህ በቀስታ ከያዝከው በደህና ይመለሳል።

4. የመረብህን ዓይን አታጥብብ። ዓሣ ሲያንስ ሰው የመጀመሪያ ሐሳቡ ዓይነ ጠባብ መረብ መግዛት ነው። በመጀመሪያው ወር ገንዘብ ያገኛል፤ ጎረቤቱም አይቶ ይገዛል፤ ከዚያ ሁሉም የነገውን ዓሣ ዛሬ ሸጦ ይጨርሳል። ዓሣው ቢያንስ አንድ ጊዜ ሳይወልድ የሚይዝ መረብ የአንተ መረብ አይሁን። ከቀጭን ናይለን የተሠራውን ርካሽ መረብም ተጠንቀቅ፤ ተበጥሶ ውሃ ውስጥ ከቀረ ማንም ሳያነሳው ዓሣ መግደሉን ይቀጥላል። መረብ ጠፋብኝ ብለህ ዝም አትበል፤ ፈልገህ አውጣው። ቀደም ሲል ተጨናነቀ ባልነው ውሃ ላይ ብቻ ትንንሹን ማውጣት ይገባል፤ ያውም ሁሉም ተስማምቶ፣ በጊዜ ተወስኖ፣ ባለሙያ አይቶት።

5. በሚወልዱበት ጊዜና ቦታ እጅህን ሰብስብ። ወንዱ ቀረሶ ዳር ዳር፣ ጥልቀት በሌለው ቦታ አሸዋውን ቆፍሮ ጎጆ ያበጃል። ሴቲቱ እንቁላሏን እዚያ ጥላ በአፏ ትሰበስበዋለች፤ ከተፈለፈሉም በኋላ ጫጩቶቹ አደጋ ሲያዩ ተመልሰው አፏ ውስጥ ይገባሉ። በዚህ ጊዜ ብዙም አትበላም። ልጆቿን በአፏ የያዘችን ዓሣ በመረብ ስትስባት ጫጩቶቹን ትተፋቸዋለች፤ ያኔ እናትየዋንም ትውልዱንም በአንድ እጅ አጠፋህ ማለት ነው። ስለዚህ ደንገልና ቄጠማ ያለበትን ዳርቻ ለመራቢያ ተወው፤ መረብህን ወደ ውስጥ ጣል። አምባዛ ደግሞ ዝናብ ሲጥልና ውሃው ዳርቻውን ሲያጥለቀልቅ ወደ ሣሩ ወጥቶ ይወልዳል። በሐምሌ ሌሊት ጥልቀት በሌለው ውሃ ሲንቦጫረቅ ዱላ ይዞ መሮጥ የጎበዝ ሥራ የሚመስለው ሰው አለ። አንተ እንዲህ አትሁን።

ጣናን አስብ። በ1978 ዓ.ም. ገደማ የሞተር ጀልባና የናይለን መረብ ገባ፤ ዓላማው የአስጋሪውን ኑሮ ማሻሻል ነበር፣ ብዙ ሰውም እንጀራ አግኝቶበታል። ግን ጣና ውስጥ ነጭ ዓሣ የምንለው ላቤኦባርበስ ብዙው ዝርያ ከክረምቱ ጀምሮ እስከ ጥቅምት ወደ ርብ፣ ጉማራና መገጭ እየወጣ ነው የሚወልደው። መረቡ ወንዞቹ አፍ ላይ ተደረደረ። ከ1980ዎቹ መጀመሪያ በኋላ በነበሩት አሥር ዓመታት ውስጥ ወንዝ ወጥቶ የሚወልደው ሦስት አራተኛ ያህል ቀነሰ። ከ15ቱ የጣና ላቤኦባርበስ ዝርያዎች ስምንቱ ሌላ ዓሣ የሚበሉ አዳኞች መሆናቸውን ስታውቅ ነገሩ ይበልጥ ያሳዝናል፤ እንዲህ ያለ የአዳኞች ቤተሰብ በዓለም ላይ የትም አይገኝም። በሚወልድበት መንገድ ላይ መረብ የጠበቀው ዓሣ የሚያመልጥበት ሌላ መንገድ የለውም።

6. ከሌላ ውሃ ዓሣ አምጥተህ አትልቀቅ። «ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል» ይላሉ አባቶቻችን። ዓሣው አነሰ ሲባል ወዲያው «ሌላ እንጨምርበት» የሚል ሰው ይነሳል፤ አንተም ሳትሆን አትቀርም። ሐይቅን ራሱን ጠይቀው። ቀረሶ ከመግባቱ በፊት ውሃው ጥርት ያለ ነበር። ከገባ በኋላ ዋቅላሚ የሚበሉት ደቃቅ የውሃ ነፍሳት ብዙዎቹ እየተበሉ ጠፉ፤ ዋቅላሚው በዛ፣ ውሃው ደፈረሰ። የጠራውን ውሃ በዓሣ ለወጥነው ማለት ነው። ቀረሶው ለብዙ ቤተሰብ ጠቅሟል፣ ያንን አልክድም። ግን የገባ ዓሣ አይወጣም፤ ውሳኔው የማይመለስ ነው። በቪክቶሪያ ሐይቅ ደግሞ ናይል ፐርችን ከ1950ዎቹ ጀምሮ (በፈረንጅ አቆጣጠር) ለቀቁበት። ናይል ፐርች በእኛው ጫሞ በራሱ ቤት የሚኖር ታላቅ ዓሣ ነው። እዚያ ግን እንግዳ አዳኝ ሆነና ሌላ ቦታ የማይገኙ በመቶ የሚቆጠሩ ትናንሽ ዝርያዎችን አጠፋ። እንግዲህ አዳኝ ጥሩ ነው ያልኩህ በኖረበት ውሃ፣ በልኩ ሲሆን ነው። በባልዲ ዓሣ ይዘህ ከውሃ ወደ ውሃ አትዙር፤ ከዓሣው ጋር በሽታውም ይጓዛል።

7. ኩሬህ ውስጥ ሁለቱንም አኑር፣ ግን በተራ። እዚህ ላይ ሰው የሠራው ውሃ ስለሆነ ሚዛኑን የምትሠራው አንተ ነህ። ጊራናና መርሳ ሙቀት አላቸው፤ ቀረሶ በሞቀ ውሃ ያድጋል፣ በቀዝቃዛ ይፈዛል፤ ደላንታ ላይ የማይሆነው ሐብሩ ላይ ይሆናል። ችግሩ ቀረሶ በኩሬ ውስጥ ገና በጥቂት ወሩ መውለድ ይጀምራል። በዓመቱ ኩሬህ ጣት በሚያክል ዓሣ ይሞላና፣ መኖው ያልቃል፣ የሚሸጥ አይገኝም። ብዙ ወጣት ሥራውን የሚተወው በዚህ ጊዜ ነው፤ ዓሣው እምቢ አለ ይላል። ዓሣው እሺ ብሎ ነበር፤ ያጣው የሚቆጣጠረው ሰው ነው። መላው ይህ ነው፦ መጀመሪያ ቀረሶውን አስገባ። ቀረሶው አድጎ በአምባዛ አፍ የማይገባ ሲሆን ትንንሽ አምባዛ ጨምር፤ ቁጥራቸው ከቀረሶው በእጅጉ ይነስ። አምባዛው የሚወለዱትን ጫጩቶች ይለቅማል፤ የቀደሙት ቀረሶዎች ግን ምግቡን ለብቻቸው በልተው ያድጋሉ። ከአቅማቸው በላይ ትልቅ አምባዛ ካስገባህ የምታሳድጋቸውን ቀረሶዎችም ይበላቸዋል። ስንት ለስንት እንደሚሆን ከኩሬህ ስፋት ጋር ለባለሙያ ጠይቅ። ሰበታ ያለው የዓሣ ምርምር ማዕከልና የባሕር ዳሩ ማዕከል ይህን ሥራ የሚያውቁ ናቸው፤ ለመነሻ ደግሞ በደጃፍህ የመርሳ ግብርና ኮሌጅና የወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት አሉልህ። ሌላም አንድ ነገር፦ የኩሬህን ጫፍ ከፍ አድርገህ አጥረው። ዝናባማ ሌሊት አምባዛ በደረቅ መሬት እየተሳበ ይወጣል፤ ጠዋት ስትነሳ ወንዝ ገብቶ ታጣዋለህ።

8. ብርብራ ወንዝ ውስጥ አትዝራ፣ የሚዘራ ካየህም ዝም አትበል። የብርብራ ፍሬ ተወቅጦ ውሃ ውስጥ ሲገባ ዓሣውን ያፍነዋል፤ ትልቁንም ጫጩቱንም አይለይም። ለአንድ ምሳ ብሎ የወንዙን የዓመት ዘር ማጥፋት ነው። ለሽንኩርትና ለቲማቲም የምንረጨው መድኃኒትም ያው ነው። ርጭት ያጠብክበትን ውሃ ወደ ቦይ አትመልሰው፤ የመድኃኒቱን ዕቃ ወንዝ ዳር አትጠብ።

9. ውሃውን ስትጠብቅ ተራራውን አትርሳ። ሐምሌ ላይ ከአምባሰልና ከየጁ ተራሮች የሚወርደውን ቀይ ጎርፍ አንተም አይተኸዋል። ያ አፈር ሐይቅም ይግባ ኩሬ፣ የዓሣውን ጎጆ ይሸፍናል፣ ውሃውን ያጠብባል። እርከን ሥራ ሲባል አትሽሽ፤ የዓሣ ሥራ ነው። ዳርቻውን እስከ ውሃው አፍ ድረስ አትረስ። ቄጠማውን ነቅለህ ባቄላ ብትዘራበት የምታገኘው ጥቂት እርቦ ነው፤ ያጣኸው ግን የጫጩት መሸሸጊያ ነው።

10. ደብተር ያዝ። ይህ እንደሚከብድህ አውቃለሁ። ግን ሚዛን የሚባለው ነገር በዓይን አይታይም፤ በደብተር ይታያል። በየዕለቱ ስንት መረብ እንደጣልክ፣ ስንት ቀረሶና ስንት አምባዛ እንዳወጣህ ጻፍ። ከሚወጣው ውስጥ ጥቂቱን በሜትር ለካ፣ መዝን፤ እንቁላል የያዘውንም ምልክት አድርግበት። አስጋሪው ሁሉ «ድሮ ዓሣ ነበር» ይላል፤ ስንት ነበር ብትለው አያውቅም። ያልተጻፈ ዓሣ ለክርክር እንጂ ለውሳኔ አይሆንም። የጾሙን ገበያ ለብቻው መዝግብ። በሁዳዴና በፍልሰታ ዋጋው ሲንር እጅህ ይረዝማል፤ ከሌላው ጊዜ ይልቅ ያን ጊዜ ነው ራስህን መቆጣጠር ያለብህ። ፍልሰታ የክረምት ጾም መሆኑን አትርሳ፤ የአምባዛ መውለጃ ላይ ይወድቃል።

11. ደንቡን ለብቻህ አታክብር፤ አብራችሁ አክብሩት። አንተ መረብህን አስፍተህ ጎረቤትህ ካጠበበ፣ ያሳለፍከውን እሱ ይይዘዋል፤ አንተም በሁለተኛው ዓመት ተናደህ ወደ ጠባቡ መረብ ትመለሳለህ። የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 ለዚሁ የወጣ ነው፤ ለገበያ የሚያሰግር ሰው ፈቃድ ማውጣት እንዳለበትም በዚያው ተደንግጓል። ፈቃዳችሁን አውጡ። ግን ሕጉ ወልዲያና ደሴ ቢሮ ውስጥ ተቀምጦ ሌሊት ውሃ ዳር አይደርስም። የሚደርሰው የመንደሩ መረዳጃ ማኅበር፣ ቅሬ ነው። ወሎ ውስጥ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ቅሬውን ያፍራል። የመረቡ ዓይን፣ የሚዘጋው ዳርቻ፣ የሚመለሰው አምባዛ ቁመት በቅሬው ስብሰባ ይነገር፤ ሽማግሌዎችና የሃይማኖት አባቶች ባሉበት ይወሰን፤ ያፈረሰ ሰው የሚከፍለውም አስቀድሞ ይታወቅ። ገደቡን የሚያወጣው ራሱ አስጋሪው ከሆነ ደግሞ ጠባቂው ብዙ ነው።

12. ቶሎ አትጠብቅ። ዛሬ መረብህን አስፍተህ አምባዛውን መመለስ ብትጀምር በሚቀጥለው ገበያ ምንም አታይም፤ ምናልባት ገቢህ ይቀንሳል። ለዚህ ነው ኩሬውና ሐይቁ አብረው ይሂዱ የምልህ፤ ሐይቁ ሲያርፍ ኩሬው ይያዝህ። ለውጡ የሚታየው ከጥቂት ዓመት በኋላ ነው፤ መጀመሪያም የሚታየው በብዛት ሳይሆን በቁመት ነው። በደብተርህ ውስጥ የቀረሶው ርዝመት ከዓመት ዓመት ከፍ ሲል፣ የጀርባው ሥጋ ሲወፍር፣ ካሉት አምባዛዎች መካከልም ትልልቁ ሲደጋገም ታያለህ። ያኔ ጓደኞችህ «እንግዲህ ሞልቷል፣ ትልልቁን እናውጣ» ይሉሃል፤ በዚያ ቀን ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ነጥብ አንብብላቸው። አሁን ግን የመጀመሪያውን ሥራ ጀምር። ሰኔ ሳይገባ ሁለት መረብ፣ አንድ ሜትርና አንድ ደብተር ይዛችሁ ሂዱ፤ ከመሸጣችሁ በፊት ያወጣችሁትን ሁሉ ለኩ። ለክታችሁ ስትጨርሱ ደብተሩን ይዘህልኝ ና፤ ውሃው የተራቆተ ይሁን የተጨናነቀ አብረን እናየዋለን።